ከሥሩ የሚቆረጥ ቤት

ስመኝ ጥያቄዋን ይዛ የመጣችው ሻንጣዋን ሸክፋ ከጨረሰች በኋላ ነው።

የቡሬ ልጅ ናት። ከአንደኛ ክፍል እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አንደኛ ስትወጣ የኖረች፣ የመልቀቂያ ፈተና ውጤቷ የተሰማ ዕለት ሰፈሩ በእልልታ የቀለጠላት፣ አባቷ ገበያ በወጣ ቁጥር «የጎበዟ አባት» እየተባለ ወንበር የሚለቀቅለት ልጅ ናት። ምደባው ከአገሯ አርቆ ወደ ደቡብ፣ ከተራራ ሥር ወዳለ ዩኒቨርሲቲ አመጣት። እዚያ ስትደርስ ግን በየዶርሙ የተኛው ሁሉ የየአገሩ አንደኛ ሆኖ ተገኘ። የመጀመሪያው ሴሚስተር ሲያልቅ ስመኝ መሃል ላይ ሰፈረች። በሒሳብማ ከመሃልም ዝቅ አለች።

ከዚያ ወዲህ ክፍል ስትገባ የኋላ ወንበር ትመርጣለች። ያልገባትን አትጠይቅም። ልጆቹ ላይብረሪ ተሰባስበው ሲያጠኑ ራሴን አሞኛል ትላለች። አባቷ ደውሎ ትምህርት እንዴት ነው ሲላት «እንደ ድሮው ነው አባዬ» ትለውና ስልኩን ከዘጋች በኋላ ፊቷን ትታጠባለች። በመጨረሻ ትምህርቱን ትታ ለመመለስ ወሰነች። አየሩ አልተስማማኝም ልትል ነው። ሙቀቱን፣ ትንኙን፣ ውሃውን ሰበብ ልታደርግ ነው።

ከመሄዷ በፊት የሒሳብ መምህሯን ልትሰናበት ወጣች። መምህር ኦይሳ ጡረታ ደርሶበት እንቢ ያለ፣ ረጅም ወሬ እጠላለሁ እያለ ረጅም ወሬ የሚያወራ፣ ከተራራው አናት፣ ከቀርከሃው አገር የወረደ ሰው ነው። ከቢሮው ፊት ለፊት ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጦ አገኘችው። ደህና ይሁኑ ልትል መጥታ አፏን ስትከፍት ሌላ ነገር አመለጣት።

«መምህር፣ ሰው እያደገ ሲሄድ ያንሳል እንዴ?»

መምህሩ ሻንጣውን አየ። ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀላት። «ተቀመጪ» አላት። «ጥያቄሽ አጭር ነው፤ መልሱ ግን እዚያ ላይ ነው ያለው» ብሎ በአገጩ ደመና የለበሰውን ተራራ አሳያትና እንዲህ ሲል ጀመረ።

ልጁን ከቤቱ አብልጦ የሚወድ አንድ ቤት ሠሪ ነበረ።

የዚያ አገር ቤት እንደናንተ አገር ቤት በጭቃ አይመረግም። ቀርከሃ ይሰነጠቅና እንደ ቅርጫት ከሥር ወደ ላይ ይጎነጎናል። ቁመቱ የባሕር ዛፍ ጎረምሳ ያህላል። ከደጃፉ በላይ ግንባሩ ወደ ፊት ወጣ ስለሚል፣ ከሩቅ ስታዪው ዝሆን ቆሞ የሚያይሽ ይመስልሻል። ጠላቱ ምስጥ ነው። ምስጥ ከመሬት ይነሣና የቤቱን እግር ይበላል። የተበላው ይቆረጣል፤ ቤቱ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ኑሮ ይቀጥላል። ቦታ መቀየር ሲያስፈልግ ደግሞ ቤት አይፈርስም። ጎረቤት ይጠራል፤ ግማሹ ከውስጥ ግማሹ ከውጭ ይይዝና ቤቱን እንዳለ አንሥቶ ይወስደዋል። ከውስጥ ያሉት መንገዱን ስለማያዩ አንድ ሰው ከፊት ሆኖ ወደ ቀኝ፣ ቀስ፣ ድንጋይ አለ እያለ ይመራቸዋል። አትሳቂ። በኛ አገር ሰው ቤቱን ተሸክሞ ነው የሚሄደው።

ቤት ሠሪው በጉብዝናው ዘመን ለራሱ የጎነጎነው ቤት በመንደሩ ካለው ቤት ሁሉ ይረዝም ነበር። ከገበያ የሚመለስ ሰው ጉም መንገዱን ሲያጠፋበት የዚያን ቤት ጫፍ አይቶ አቅጣጫውን ያስተካክላል። ቁመተ ረጅም ሰው ሲታይ «የቤት ሠሪውን ቤት ያህላል» ይባላል። ልጁ በዚህ ቤት ውስጥ አደገ። ሽመና ተምሮ ሳይጨርስ፣ አንዲት ቀርከሃ በእጁ ሳይሰነጥቅ፣ የቤቱን ቁመት እንደ ራሱ ቁመት ይቆጥረው ነበር። መንደሩም ነገሩን አባባሰው። በሄደበት ሁሉ «የረጅሙ ቤት ልጅ» ነው ስሙ። እንዲህ እየተጠራ ያደገ ልጅ ቤቱ ያጠረ ዕለት ስሙ የሚጠፋ ይመስለዋል፤ አይፈረድበትም።

ልጁ ሚስት ሊያገባ ሆነ። የአባቱ መሬት ጠባብ ነበርና አጎቱ ከማዶ ሸንተረር፣ ማንም ከማያውቀው መንደር፣ ጥሩ የእንሰት መሬት ሰጠው። አባትየውም «ቤቱን ይዘህ ሂድ፤ ለኔ ትንሽ ጎጆ ትበቃኛለች» አለው። ልጁ አባቱን እያመሰገነ በልቡ ግን ያን ቤት ይዞ አዲሱ መንደር ሲገባ ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ሲያየው ይታየው ነበር።

የሸክሙ ዕለት መንደሩ ተሰበሰበ። በዚያ አገር ልማድ ቤት ከመነሣቱ በፊት ሽማግሌ በትር ይዞ ዙሪያውን የቤቱን እግር ይወጋል። በትሩ የገባበት የበሰበሰ ነው፤ ይቆረጣል። ሽማግሌው ወጋ፤ በትሩ ገባ። ሌላ ቦታ ወጋ፤ ገባ። «እስከ ጉልበት ይቆረጥ» አለ።

ልጁ ግን ከፊቱ ቆመ። «አይነካም» አለ። «ይህ ቤት አንድም ጊዜ ተቆርጦ አያውቅም። እዚያ የሚያውቀኝ ሰው የለም። በቁመቱ ካልታወቅሁ በምን ልታወቅ ነው?»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንደኛው የሆነ ነገር ሊናገር ሲል አባትየው በዐይኑ ዝም አሰኘው። «ቤቱ የእሱ ነው» አለ። «እንዳለ ውሰዱለት።»

ወሰዱለት። ሸክሙ ግን አልቀናም። ሰው ከሥር ሲይዘው ቀርከሃው እንደ ብስኩት በእጁ ላይ ይፈረፈራል። ገደሉን ወርደው፣ ወንዙን ተሻግረው፣ ዳገቱን ወጥተው ማዶ ሲያደርሱት የተሸካሚዎቹ መዳፍ በቀርከሃ ብናኝ ነጥቶ ነበር። እነሱ እጃቸውን ተጣጥበው፣ መርቀው ተመለሱ። እሱ እጃቸውን አላየም፤ ቀና ብሎ የሚያየው ጫፉን ነበር።

የአዲሱ መንደር ሰዎች ቆጮና ጎመን ይዘው እንኳን ደህና መጣችሁ ሊሉ መጡ። ከመካከላቸው በዕድሜ የገፋው ሽማግሌ ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አይቶ፣ በዚያ አገር እንግዳ ሁሉ የሚጠየቀውን ጠየቀው።

«ቤትህ ስንት ጊዜ ተቆርጧል?»

«አንድም ጊዜ!» አለ ደረቱን ነፍቶ።

«እግዜር ያሳድግልህ» አሉት ሁሉም በአንድ ድምፅ።

ምርቃት መሰለው፤ አሜን አለ። የተባለለት ነገር ለአራስ ልጅ የሚባል መሆኑ የገባት አብራው የመጣችው ሙሽራይቱ ብቻ ናት። ሳቋን በነጠላዋ ሸሸገች።

በማግሥቱ ጉሙ ሲገለጥ ልጁ ወጥቶ አካባቢውን አየ። በዚያ ሸንተረር የሚበቅለው ቀርከሃ ረጅም ነው። ከወዲህ አንድ ቤት፣ ከወዲያ ሌላ ቤት፣ ከበላዩ ደግሞ ሁለት ቤት ከእሱ ቤት ይረዝማሉ። ከእሱ የሚያጥሩም አሉ፤ እሱ ግን አላያቸውም። ሰው ባፈረ ጊዜ የሚበልጠውን እንጂ የሚያንሰውን አያይም። አንዴ ቤቱን አንዴ እነዚያን እያየ ቆመ። የረጅሙ ቤት ልጅ ዛሬ የየትኛው ቤት ልጅ ነው?

ወደ ታች ሲያይ ደግሞ የቤቱ እግር እዚህም እዚያም ተሸርፎ ጥርሱ እንደወላለቀ አፍ ሆኗል። ቁመቱ ካልበለጠ እግሩ እንኳ እንዳይታይብኝ ብሎ አፈር ቆፈረና ዙሪያውን ከመረበት፤ አፈሩን ረገጠው፤ ላዩን በጭቃ ለሰነው። ሲያዩት ንጹሕ ሆነ። እንግዲህ ልብ በዪ፣ ምስጥ ከአፈር እንደሚነሣ የዚያ አገር ሕፃን ያውቃል። ይህ የቤት ሠሪ ልጅ በገዛ እጁ ለምስጥ ድግስ ደገሰለት። እፍረት የማታውቂውን አያስተምርሽም፤ የምታውቂውን ግን ያስረሳሻል።

ከዚያ በኋላ ከሰው ራቀ። የሰፈሩ ወንዶች አንድ ቦታ ተሰብስበው እየተጫወቱ ሲሸምኑ ና ቢሉት ሥራ አለብኝ ይላል፤ ከቤቱ ውስጥ ብቻውን ይሸምናል። ጎረቤት ደጁ ከመጣ ከበር ላይ አነጋግሮ ይሸኘዋል። የማንንም ቤት አይረግጥም፤ የእሱንም ሰው እንዲረግጥ አይፈልግም። ሰዎቹ ኩራተኛ ነው አሉት። ኩራተኛስ አልነበረም፤ ፈርቶ ነው። ሁለቱ ነገሮች ከውጭ ሲያዩዋቸው መንትያ ናቸው።

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም። የበልግ ዝናብ ሲጥል የተከመረው አፈር ረጠበ። ምስጡ ከእግር ወደ ጉልበት ወጣ። ሙሽራይቱ በየማለዳው የግድግዳውን ሥር ስትጠርግ ነጭ ብናኝ ታገኛለች፤ ሁልጊዜም ካለፈው ይበዛል። እሷም ለቤቱ እንግዳ ናትና ባሏ ራሱ እስኪያነሣው ጠበቀች። እሱ ግን አላነሣውም። ቤቱ ወደ ገደሉ ዘመም ሲል ከውስጥ በግንድ ደገፈው። በሌላ በኩል ሲዘም ሌላ ግንድ ጨመረ። ከሽመና ዕቃው ወደ ምድጃው መሄድ በድጋፎቹ መካከል እየተሽሎከለኩ ሆነ።

በዚህ መካከል ገበያተኞች ከአባቱ ዘንድ መልእክት አመጡ። «ለመስቀል እመጣለሁ፤ ከሌላ ቦታ አላድርም፤ በዚያው ቤት ውስጥ ነው የማድረው» ይላል። መስቀል በዚያ አገር የዓመቱ ሁሉ ቅቤና ሥጋ የሚወጣበት፣ የተበታተነ ዘመድ የሚሰበሰብበት በዓል ነው። ልጁ ይህን ሲሰማ ጭንቀቱ ድርብ ሆነ። ቤቱን ካልቆረጠው ክረምቱን አይችልም፤ ወድቆ አባቱ በፍርስራሽ ላይ ይመጣል። ከቆረጠው ደግሞ አባቱ ያን ሁሉ ዕድሜ ጠብቆ ያስረከበውን ቁመት ልጁ በአንድ ዓመት ውስጥ እንዳጠፋው ያያል። ክረምቱ እየገባ ነው። እሱ ድጋፍ ይጨምራል።

አንድ ማለዳ ሙሽራይቱ መጥረግ ተወች።

ብናኙ ከግድግዳው ሥር ተከምሮ እንደ ዱቄት ነጥቷል። መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ እንዝርቷን ይዛ፣ ጥጧን እየፈተለች ተቀመጠች። እሱ ብናኙን አየ፤ እሷን አየ።

«ለምን አልጠረግሽውም?» አላት።

«የጠረግሁትማ እስከ ዛሬ ነው» አለች። ከዚያ ፈትሏን አቁማ ቀና አለች። «እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ። አባትህ የሚመጡት ቁመቱን ሊለኩ ነው ወይስ ሊያድሩበት?»

እሱም ተነሥቶ ወጣ።

በመንደሩ ካሉ ቤቶች ሁሉ አጭሩ ያን ቀን «ስንት ጊዜ ተቆርጧል» ብሎ የጠየቀው ሽማግሌ ቤት ነበር። ልጁ ወደዚያ ሄደ፤ ደጃፉ ዝቅ ከማለቱ የተነሣ ወገቡን አጎንብሶ ነው የገባው። ከውስጥ ሲቆም ግን ደነገጠ። ግድግዳው በስንት ዘመን የምድጃ ጢስ ጠቁሮ፣ እንደ ተወለወለ ቀንድ ያብረቀርቃል። ምስጥ የጢስ ምሬት የጠጣ ቀርከሃ አይደፍርም። ዙሪያውን የመንደሩ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፤ የመንደሩ ሸንጎ የሚቀመጠው እዚያ ነውና። የተጣላ የሚታረቀው፣ መሬት የሚካፈለው፣ ሙሽራ የሚመረቀው በዚያ በአጭሩ ቤት ውስጥ ነበር። ልጁ ይህን ያወቀው ገና ያን ዕለት ነው፤ እግሩን አንሥቶ ገብቶ አያውቅማ።

ከመካከላቸው ቆመ።

«ቤቴ እየተበላብኝ ነው» አለ። «ብቻዬን አልቻልኩም።»

ማንም አልሳቀም፤ ማንም እንዲህ ብለንህ ነበር አላለም። ሽማግሌው ከጥግ ገጀራውን አነሣና «ታዲያ ምን ተቀምጠናል?» ብሎ ተነሣ።

ሀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሀምሳ ሰው ጌጡ ነው። የሩቅም የቅርብም ሰው መጣ። መጀመሪያ አፈሩን ዛቁ። ከዚያ ድጋፎቹን አወጡ። ጎረምሶቹ ከውስጥ ገብተው፣ ጠና ጠና ያሉት ከውጭ ቆመው ቤቱን ጥቂት ከመሬት አነሡት። ልጁ ከዳር ቆሞ ያይ ነበር። ሽማግሌው ግን ገጀራውን ወደ እሱ ዘረጋ። የመጀመሪያውን የሚቆርጠው ባለቤቱ ነው፤ ልማዱ ነው፤ ሌላ ሰው ከጀመረው ቤቱ ተቆረጠበት እንጂ ቆረጠ አይባልም።

ተንበረከከ። ገጀራውን ሲያሳርፍ በአመድ ውስጥ እንደሚያልፍ ድምፅ ሳያሰማ አለፈ። አባቱ የጎነጎነው ጉንጉን በእጁ ላይ ሲበተን እንባው መጣ፤ ሰው ሁሉ እያየው አለቀሰ። ከፍ አድርጎ ደገመው፤ አሁንም አመድ። በአባቱ አገር ቢቆርጠው ኖሮ ጉልበት ድረስ ይበቃ ነበር፤ አሁን ግን መቁረጡ ወገብ ድረስ ወጣ። እዚያ ላይ ገጀራው ሲያርፍ ቀርከሃው ጮኸ። ጤነኛ ቀርከሃ እንደዚያ ነው፤ ሲነኩት ይጮኻል። «እሱ ነው» አለ ሽማግሌው። «ከዚህ በላይ ያለው ያንተ ነው። አትንካው።» ሌሎቹም ገጀራቸውን ይዘው ዙሪያውን አዳረሱት።

ቤቱን መልሰው ሲያስቀምጡት ቀጥ ብሎ ቆመ። አንዲት ድጋፍ አልፈለገም። አጥሯል፤ በእውነት አጥሯል፤ ደጃፉም ዝቅ ብሏል። ልጁ አይዞህ የሚለው ሰው ይጠብቅ ነበር። ሴቶቹ ግን እልል አሉ። ወንዶቹ እየመጡ እንኳን ደስ ያለህ አሉት። ያ ሽማግሌ እጁን ጨብጦ «እንግዲህ ጎረቤት ሆንክ» አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንዶቹ ሲሸምኑ አብሯቸው ይሸምናል፤ ምድጃውም ጢሱ አይቋረጥም። የጎረቤቶቹን ቤት አንድ በአንድ እየገባ ሲያይ ያን የመጀመሪያ ቀን ያሳፈሩት ረጃጅም ቤቶች የአዲስ ሙሽሮች ቤት መሆናቸውን አወቀ። ቁመታቸው የሚያሳየው ገና ያልተኖረባቸው መሆኑን ነበር።

ይሁን እንጂ የአባቱ ነገር ልቡን አላሳረፈውም። ክረምቱ ወጣ፤ አበባው ፈነዳ፤ መስቀል ደረሰ። በዋዜማው አባትየው በትሩን ይዞ ዳገቱን ወጣ። ልጁ ደጅ ቆሞ ሲጠብቅ ሙሽራይቱ ከአጠገቡ አልተለየችም።

አባትየው ሰላም ከማለቱ በፊት ቤቱን ዞረው። እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቀስ ብሎ ዞረው። በትሩን አንሥቶ የቤቱን እግር ወጋ፤ አልገባም። ሌላ ቦታ ወጋ፤ አልገባም። ዙሪያውን ጨርሶ ወደ ልጁ መጣ።

«ስንት ጊዜ ተቆረጠ?» አለው።

«አንድ ጊዜ ነው አባ» አለ ልጁ አንገቱን ደፍቶ። «እርስዎ ያላስነኩትን እኔ አሳጠርኩት። ይቅር ይበሉኝ።»

አባትየው ሳቀ። ሲስቅ ዐይኑ እንባ አቀረረ። «ማን ነው ያላስነካ?» አለ። «አንተ ሳትወለድ ቆርጬዋለሁ። አንተ በእናትህ ጀርባ ላይ ሳለህም ቆርጬዋለሁ። ረጅም ነው እያልክ ስትኮራበት ያደግኸው ቤት እኮ የተረፈው ነው።»

ልጁ ቀና ብሎ አባቱን አየ። «ታዲያ ያን ቀን ምነው ሳይነግሩኝ?»

«ብነግርህ ኖሮ እኔን ፈርተህ ትቆርጠው ነበር፤ ቤቱም የኔ እንደሆነ ይቀር ነበር።»

ያን ምሽት በበዓሉ ማዕድ ዙሪያ መንደርተኛው ሁሉ እያጎነበሰ ገብቶ በተቀመጠበት አባትየው ተነሣ። በጎነጎነው ቤት ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ «ቤቴ» እያለ የኖረ ሰው፣ መዳፉን በግድግዳው ላይ አሳርፎ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ይህ የልጄ ቤት ነው» አለ። ልጁ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ኮርቶ አያውቅም። ሙሽራይቱም እንደዚሁ። ቤቱ ዛሬም ቆሟል ይላሉ፤ ሸንጎም የሚቀመጥበት ሆኗል ይላሉ።

መምህር ኦይሳ ታሪኩን ጨረሰ። ከዛፉ አንድ የበሰለ ማንጎ ወድቆ ሣሩ ላይ ተንከባለለ፤ አንሥቶ ለስመኝ ሰጣት። ከዚያ ፊቱን ወደ እሷ አዞረ።

«ሰው እያደገ ሲሄድ ያንሳል ወይ አልሽኝ። አዎን፣ ልጄ፣ ያንሳል። የሚያንሰው ግን ከሥሩ ነው፤ ተደላድሎ እንዲቆም ነው። ያ አንደኝነትሽ ከቡሬ ተሸክመሽው የመጣሽው ረጅም ቤት ነው። ጣዪው አልልሽም፤ አባትሽም አስተማሪዎችሽም አንቺም የጎነጎናችሁት ነው፤ ልትኮሪበት ይገባል። አዲስ መሬት ላይ ግን ከነበሰበሰ እግሩ አይቆምም። ቤትሽን የበላው የሒሳብ ውጤትሽ እንዳይመስልሽ፤ እሱ በትሩ ነው፤ የት እንደ ተበላ አሳየሽ እንጂ አልበላሽም። የበላሽ ከኋላ ወንበር ሆነሽ የዋጥሽው ጥያቄ ነው። ለአባትሽም ስልክ ላይ 'እንደ ድሮው ነው' ሳትዪው አልቀረሽም፤ እንዲህ ባልሽ ቁጥር አፈር ስትከምሪ ከርመሻል። እነዚያ ላይብረሪ ና፣ ነይ የሚባባሉት ወንዶችና ሴቶች ልጆች ጎረቤቶችሽ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው የየአገራቸው ረጅም ቤት ነበሩ፤ ዛሬ እየሳቁ የሚያጠኑት አስቀድመው ስለ ቆረጡ ነው። የኋላ ወንበር ላይ ከጎንሽ አቀርቅሮ የሚቀመጠው ልጅ ደግሞ አንቺ ቀድመሽ አልገባኝም እስክትዪ እየጠበቀ ይሆናል።»

ስመኝ ማንጎውን በሁለት እጇ ይዛ አቀርቅራ ነበር። ሻንጣው በእግሯ ሥር ነው።

«እኔ የቤት ሠሪ አገር ሰው ነኝ፤ የጤነኛ ቀርከሃን ድምፅ አውቀዋለሁ» አላት። «አሁን መጥተሽ ስትጠይቂኝ ድምፅሽ ተንቀጥቅጧል፤ ግን ጮኸ። ጤነኛው ጋ ደርሰሻል ማለት ነው። ማንም አልቆረጠልሽም፤ ገጀራውን የያዝሽው ራስሽ ነሽ፤ እኔም መምህርሽ በመሆኔ ኮርቻለሁ። በይ ሻንጣሽን ወደ ዶርምሽ መልሺ። ለአባትሽም ደውዪለትና እውነቱን ንገሪው፤ የሱም ቤት ስንት ጊዜ እንደ ተቆረጠ ያን ጊዜ ይነግርሽ ይሆናል። ከእንግዲህ ቤትሽ ስንት ጊዜ ተቆርጧል ብሎ የሚጠይቅሽ ሰው ካለ፣ ቀና በዪና አንድ ጊዜ በዪው።»